አልሞት ያለው የጠፈር ጠላቴ

ጠፈር የወጣሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የወጣሁትም ደሴ ውስጥ፣ ከጣውላ በተሠራ መድረክ ላይ፣ ራሴን ቅል ውስጥ ከትቼ ነው። መሳቅ ትችላላችሁ፤ እኔም እየሳቅኩ ነው የምጽፍላችሁ። ያን ቀን ግን አልሳቅኩም። ያን ቀን የኔ ዕጣ በአንድ ሰው ሞት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ሰውየው ደግሞ አልሞትም አለ።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ የደሴ፣ የሆጤ ሰፈር ልጅ ብሆንም ኮምቦልቻ ወርጄ ፋብሪካ ተቀጥሬ ነበር። ያኔ ኪነት ቡድን የሌለው መሥሪያ ቤት ማግኘት ዘበት ነው፤ የኛም ፋብሪካ ነበረው። የምናሳየው ትያትር ሁሉ አጀማመሩ ይለያይ እንጂ አጨራረሱ አንድ ነው። ፊውዳሉ ይሞታል፣ እኛ ግራ እጃችንን እናነሳለን፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል። አዘጋጃችን ጋሽ ደምሴ ይህ ነገር እጅ እጅ አለው። አንድ ቀን በሬዲዮ ስለ ሶቭየት የጠፈር ተጓዦች ሲወራ ሰምቶ ልምምድ ላይ እየተንደረደረ መጣና፣

«በቃ! ከእንግዲህ ፊውዳሉን ምድር ላይ አንገድለውም። ጠፈር ላይ ነው የምንገድለው!» አለን።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የመሬት አዋጁ ሲታወጅ አንድ ፊታውራሪ የሕዝቡን ቁጣ ፈርቶ ወደ ጠፈር ያመልጣል። (በምን አመለጠ ብለን ጠይቀን ነበር። ጋሽ ደምሴ «አድኃሪ የማያመልጥበት ቀዳዳ የለም» ብሎ አፋችንን አስያዘን።) የመንኮራኩራችን ሰዎች ያገኙትና በረዶ በሆነ ኮከብ ላይ ጥለውት ይሄዳሉ። ከዘመናት በኋላ ፊታውራሪው ቂሙን ቋጥሮ፣ የራሱን መንኮራኩር ሠርቶ፣ ሊበቀለን ይመጣል። የመንኮራኩሩ አዛዥ እኔ ነኝ። በጨረር መሣሪያዬ እገድለዋለሁ። ግራ እጅ፤ ጭብጨባ።

መንኮራኩራችን ባዶ በርሜልና የጣሪያ ቆርቆሮ ነበር። የራስ ቁራችን ለሁለት ተሰንጥቆ ፊት ላይ የተበሳ፣ ብርማ ቀለም የተቀባ ትልቅ ቅል ነው። የጨረር መሣሪያዬ የፍሊት መርጫ ነው፤ ያው ለትኋን የምንነፋው፣ ውስጡ በውሃ የተበጠበጠ ቀይ ቀለም ተሞልቶበት። ከጨረቃ ተነሣ የተባለውን ድንጋይ ግን ጋሽ ደምሴ «እውነተኛ ካልሆነ ሕዝቡ አያምንም» ብሎ ከቦርከና ወንዝ አስወጥቶ፣ ኖራ አስቀብቶ፣ ሁለት ሰው አሸክሞ አመጣው። ከክፍለ ሀገሩ የመጣው ካድሬ ልምምዳችንን አይቶ «ይህ ቅል ያጠለቀ ሰውዬ ፊውዳል መሆኑ በምን ይታወቃል?» ስላለ፣ ፊታውራሪው ቅሉ ላይ ካባ ደረበ፣ ጭራ ያዘ፣ የሱ መንኮራኩርም የበቅሎ ቅርጽ ተሰጥቶት ኮርቻ ተጫነበት።

ካድሬው ወጣት ነው፤ ፊቱ አይፈታም። ሲወጣ ወደኔ ዞሮ ያለኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

«ጓድ ጌታቸው፣ በሌላ ወረዳ ፊውዳሉን የተጫወተው ሰው ሕዝቡን አስቆ ተጨበጨበለት። ቡድኑ ተበትኗል፤ አዛዡ ሆኖ የተጫወተው አሁን የት እንዳለ አልነግርህም። እዚህ ፊውዳሉ ባይሞት የምጠይቀው ሟቹን አይደለም። ገዳዩን ነው።»

ገዳዩ እኔ ነኝ። ሟቹ ደግሞ ሰይድ።

ሰይድ ማን እንደሆነ ልንገራችሁ። ሰይድና እኔ በአንድ ፈረቃ የምንሠራ፣ እኔ ጾም ስይዝ እሱ ከኔ ጋር ሽሮ የሚበላ፣ እሱ ሲያፈጥር እኔ ቴምሩን የምሻማው ጓደኛሞች ነበርን። ሲያገባ አንደኛ ሚዜው እኔ ሆንኩ። ሙሽሪት ከኮምቦልቻ አለፍ ብላ ያለችው የደጋን ከተማ ልጅ ናት። ጥሎሹን፣ ማለትም ቀሚሱን፣ ነጠላውን፣ ጫማውን፣ ጌጡን፣ ደሴ ገዝቼ በሳጥን ይዤ እንድወርድ አደራው ተሰጠኝ። በሠርጉ ቀን ማለዳ ይዤ ተሳፈርኩ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደው የሐረጎ ቁልቁለት ላይ ስንደርስ ጭጋጉ ምድሩን ውጦታል፤ ከፊታችን ናዳ ወርዶ መንገዱን ድርግም አድርጎ ዘግቶታል። እዚያው ሳጥኑ ላይ እንደተቀመጥኩ ነጋ።

ሰይድ አማቶቹ ደጃፍ ባዶ እጁን ቆሞ ዋለ። የአገራችንን ሠርግ ታውቁታላችሁ፤ ጥሎሹ አንድ በአንድ እየተነሣ ለዘመድ አዝማድ ይታያል፤ ይመረመራል፤ ይመሰገናል ወይ ይታማል። የሰይድ ጊዜ የሚነሣ ነገር ጠፋ። የሙሽሪት ወገን ልጃገረዶችም ግጥም አወጡለት። ግጥሙን አልደግመውም፤ ደጋን ውስጥ ዛሬም የሚያስታውሱት አሉ። በማግስቱ ሳጥኔን ተሸክሜ ስደርስ ሠርጉ አልቋል። ስለ ናዳው ነገርኩት።

«ናዳ!» አለኝ። «ወላሂ፣ ሰው ፊት እንዳቆምከኝ ሰው ፊት ካላቆምኩህ ሰይድ አይደለሁም።»

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት አኮረፈኝ። እኔም ግትር ነኝ፤ ጥፋት የለብኝም ብዬ ደጁን አልረገጥኩም። ጋሽ ደምሴ ይህን ስለሚያውቅ የትወና ክፍል ሲያድል እጁን እያፋተገ «የእናንተ ጥላቻ ልምምድ አይፈልግም» አለን። ከመድረክ ውጭ ቃል አንለዋወጥም። መድረክ ላይ ግን እሱ «አንተ የምድር ትል!» ይለኛል፤ እኔ «አንተ የበሰበሰ ሥርዓት ርዝራዥ!» እለዋለሁ። ከዚያ ፍሊቴን እነፋበታለሁ፤ ይወድቃል። እውነቱን ለመናገር ከኔ አገዳደል የሱ አሟሟት ያምር ነበር።

የትያትሩ ቀን እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ደሴ ላይ የምናሳይበት አዳራሽ ጢም ብሏል። ካድሬው ከፊት ወንበር ላይ ነው። በሩ ላይ ሁለት ጠመንጃ ያነገቱ አብዮት ጠባቂዎች ቆመዋል። ከኋላ፣ ገበሬ ማኅበራቸው በጭነት መኪና ያመጣቸው የደጋን ሰዎች ተደርድረዋል፤ መካከላቸው ላይ ነጭ ጥምጣማቸውን አድርገው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው የተቀመጡት ሐጂ ይመር፣ የሰይድ አማት ናቸው።

መጀመሪያው ሰላም ነበር። የመንኮራኩሩ መሐንዲስ የሆነችው ዘይነባ ከራስ ቁር ቅሏ ውስጥ ሆና «አዛዥ! ባዕድ ነገር እየቀረበን ነው!» አለች። ጋሽ ደምሴ ከመጋረጃ ጀርባ በርሜሉን ደበደበው። ሰይድ በበቅሎ መንኮራኩሩ ላይ ጉብ ብሎ፣ ጭራውን እያወዛወዘ ብቅ አለ።

«አቦ በቅሎዋ ስታምር!» አለች አንዲት ሴት ከኋላ። ካድሬው ዞሮ ገላመጣት።

«አዛዥ ሆይ!» አለ ሰይድ። «ታስታውሰኛለህን? በበረዶው ኮከብ ላይ ጥለኸኝ የሄድክ እኔ ነኝ። እነሆ ልበቀልህ መጣሁ!»

«አንተ የበሰበሰ ሥርዓት ርዝራዥ!» ብዬ ፍሊቴን ነፋሁበት። ቀዩ ውሃ ካባው ላይ ተረጨ። በርሜሉ ተመታ። ሰይድ አልወደቀም።

ካባውን አራገፈና ፍሊቱን አየት አደረገው። «ይኸ ነው ጨረርህ? ለትኋን እንኳ አይበቃም!» አለ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ካድሬው አልሳቀም። እኔም ደግሜ ነፋሁ፤ ሰለስኩ፤ ፊቱ ላይ፣ ደረቱ ላይ፣ በቅሎዋ ላይ ሳይቀር ነፋሁ። ጋሽ ደምሴ የመጀመሪያውን አልሰማ ይሆናል ብሎ ነው መሰለኝ በርሜሉን ደጋግሞ ሲነርተው ከእጁ አምልጦ እየተንከባለለ በመድረኩ በኩል አለፈ። ፍሊቱ ቀለሙን ጨርሶ «ፊስ» አለ።

«ሙት በለው እንጂ!» አለችኝ ዘይነባ በሹክሹክታ።

ጠጋ አልኩና «ሙት!» አልኩት። በሦስት ዓመት ውስጥ ከትያትሩ ውጭ የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው።

«አልሞትም» አለኝ። የሱም የመጀመሪያ ቃል ነው።

ካድሬው ከወንበሩ ብድግ አለ። «ይህ ፊውዳል ለምንድን ነው የማይሞተው?»

«ጓድ፣ አንድ ነገር ሳይመልስልኝ አልሞትም!» አለ ሰይድ፤ ወደ ሕዝቡ ዞረ። «በዚያ ኮከብ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ቆሜ ጠበቅኩት። ይመጣል አልኩ። ሰው ሁሉ እጄን እጄን ያየኛል። ልጃገረዶች ገጠሙብኝ። የት ነበርክ? ጥሎሹን ይዘህ የት ነበርክ?»

ደሴዎች በጠፈር ጥሎሽ እንዳለ ባያውቁም ዝም ብለው አዳመጡ። የደጋን ሰዎች ግን እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከግንባሬ ላብ በቅሉ ውስጥ ይወርዳል፤ አልጠርገው ነገር ቅል ነው። በር ላይ ያሉትን ጠመንጃዎች አየሁ። ትያትሩን ማዳን አለብኝ ብዬ እንደ አዛዥ ጮህኩ።

«ፊታውራሪ! መንኮራኩሬ ሐረጎ... ማለቴ ከጨረቃ ወዲህ ናዳ ዘጋት!»

«በጠፈር ምን ናዳ አለ?» አለ ካድሬው።

«ጭጋግም ነበር፣ ጓድ» አልኩት።

በዚህ ጊዜ ከኋላ የከዘራ ድምፅ ተሰማ። ሐጂ ይመር ተነሥተዋል።

«አቁሙ! ያ ጀመዓ፣ አቁሙ!»

«አባት፣ ይቀመጡ። ትያትር ነው» አለ ካድሬው።

«ትያትሩንስ አየነው፣ ልጄ። ጠቡ ግን የእውነት ነው። ዓይናችን እያየ ሰው ከሰው ሲቋሰል ተቀምጠን እናያለን እንዴ? ነውር አይደለም?» አሉና መተላለፊያውን ይዘው ወደ መድረኩ ይመጡ ጀመር። ከመሐል አንድ የደሴ ቄስ ጥምጥማቸውን እያስተካከሉ ተነሡ። «ሐጂ፣ ዕርቅ ብቻዎን አይሆንም፤ አብሬዎት ልውጣ» ብለው ተከተሏቸው። ማንም አልጠራቸውም፤ ማንም ደግሞ አላስቀራቸውም። ወሎ ውስጥ ሽማግሌ ለዕርቅ ከተነሣ ጠፈርም ቢሆን መንገድ ይለቀቅለታል።

ሐጂ መድረኩ ላይ ወጥተው በበርሜል ላይ ተቀመጡ። መጀመሪያ ሰይድን ነው የያዙት።

«እኔኮ ያ ነገር ያኔ የቀረ መስሎኝ! ሦስት ዓመት ሙሉ ቤቴ እየገባህ፣ ከገበታዬ እየበላህ፣ ይህን ቂም በሆድህ ይዘህ ነበር?»

ሰይድ ጭራውን ወደ ኋላው ደበቀ።

ወደኔ ዞሩ። «ናዳ ነው አልክ?»

«ናዳ ነው፣ ሐጂ። እውነቴን ነው። ሳጥኑ ላይ ተቀምጬ ነው ያደርኩት። ጥፋት የለብኝም።»

«የለብህም፤ አምንሃለሁ። ናዳውን አላህ ነው ያወረደው። ግን ልጄ፣ ሰይድ ቆሞ ውሏል። የቆመ ሰው እግሩ የሚያመው ጥፋተኛ ሲገኝ ብቻ ነው እንዴ?»

በሦስት ዓመት ውስጥ ይህን አስቤው አላውቅም ነበር። ስለ ናዳው ነው እንጂ ሳስብ የኖርኩት፣ ደጋን ላይ ስለቆመው ሰው አልነበረም። ዙሪያዬን ሳይ የቦርከናው ድንጋይ ኖራውን ተቀብቶ ተቀምጧል። ካድሬውንም፣ ጠመንጃውንም ለአፍታ ረሳኋቸው። ሄጄ፣ በየት ባገኘሁት ጉልበት እንጃ፣ ድንጋዩን ታቅፌ አነሣሁትና፣ የዕርቅ ወግ እንደሚያዘው ማጅራቴ ላይ ተሸክሜ ሰይድ እግር ሥር ተንበረከክኩ።

ቅሉን አላወለቅኩም ነበር። «ቋ!» ብሎ ተሰነጠቀ።

«ወይኔ! ራሱ ተፈነከተ!» አለች ያቺው በቅሎዋን ያደነቀችው ሴት።

«ሰይድ፣ ቆመህ ስለዋልክ አፉ በለኝ» አልኩ፤ ከድንጋዩ ሥር ድምፄ ወጥቶ ይሁን አይሁን አላውቅም።

ሰይድ ከበቅሎው ላይ ዘሎ ወረደ። ድንጋዩን ከማጅራቴ ሊያወርድ ቢይዘው ከበደው፤ ቄሱ አገዙት። ካወረዱት በኋላ ከፀጉሬ ላይ የቅል ስባሪ እየለቀመ «አፉ ብዬሃለሁ። ምን ሆነህ እውነተኛውን ድንጋይ ትሸከማለህ፣ አንት ጅል!» አለኝ። እያለቀሰ ነበር። እኔም አለቀስኩ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት።

እልልታው ሲበርድ ካድሬው መድረኩ ጠርዝ ላይ ቆሞ አየሁት። ፊቱ ቀልቷል።

«ምንድን ነው ያየሁት? አብዮታዊ አዛዥ ለፊውዳል ድንጋይ ተሸከመ? ጓድ ጌታቸው፣ ነግሬህ ነበር።» ወደ በሩ ምልክት ሰጠ። አብዮት ጠባቂዎቹ ጠመንጃቸውን ከትከሻቸው አወረዱ።

ሰይድ እኔን አየ፤ በሩን አየ። ፍሊቱን ከወደቀበት አንሥቶ እጄ ላይ አስቀመጠው።

«ንፋ» አለኝ።

«ባዶ ነው።»

«አብሽር፣ ባዶውን ንፋ።»

ነፋሁ። ሰይድ ሞተ። እንዲህ ያለ ሞት አይቼ አላውቅም። ደረቱን ይዞ ዞረ፤ በቅሎው ላይ ወደቀ፤ ተነሥቶ መንኮራኩራችን ላይ ወደቀ፤ ቆርቆሮውን ይዞት ወረደ፤ ጭራውን አንዴ ወዝወዝ አድርጎ ጸጥ አለ። ካድሬው እጁን ለማጨብጨብ አነሣ።

«ምን አደረግህ!» ብለው ጮሁ ሐጂ። «ከዕርቅ በኋላ? ዓይኔ እያየ ከዕርቅ በኋላ ገደልከው?»

የደጋን ሰዎች ግር ብለው ተነሡ። ዕርቅ ያፈረሰ ሰው በኛ አገር ምን እንደሚባል አትጠይቁኝ። ሰይድ አንድ ዓይኑን ገልጦ አማቱን አየና ቀና አለ።

«ተነሣ!» ብሎ ጮኸ ካድሬው። ሰይድ ተመልሶ ተኛ።

«ሞተ!» ብለው ጮሁ ሐጂ። ሰይድ ተመልሶ ቁጭ አለ።

እንዲህ ሲወድቅና ሲነሣ ትንሽ ቆየ። በመጨረሻ ብድግ ብሎ ቆመ፤ ካባውን አውልቆ ወለሉ ላይ ወረወረው፤ ቅሉን ከራሱ አወጣ።

«ያ ጀመዓ! ፊታውራሪው ሞቷል! ሬሳው ያውና!» ካባውን በጭራው ጠቆመ። «ማንም አልገደለውም። ቂሙን ተቀማ፤ ፊታውራሪ ያለ ቂም አይኖርምና ሞተ። ይህ የምታዩት እኔ ነኝ፤ ወዝ አደሩ ሰይድ!»

ካድሬው አፉን ከፈተ። ይህ አብዮታዊ ይሁን አድኃሪ መለየት እንዳቃተው ፊቱ ላይ ይነበባል። ቃል ሳያወጣ ግን ሐጂ ይመር ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ።

«አላህ ዕርቃችሁን ያጽናላችሁ!»

«አሚን!» አለ አዳራሹ።

«ዝናቡን በጊዜው ያውርድልን!»

«አሚን!»

«ሐረጎን ከናዳ ይጠብቅልን!»

«አሚን!»

ከሁሉ የጎላው አሚን የመጣው ከመድረኩ ጠርዝ ነው። ካድሬው ሁለት መዳፉን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቆሟል። ዓይኑን ሲገልጥ ሕዝቡ በሙሉ እሱን ያያል። መዳፎቹን ቀስ ብሎ አጠፋቸው፤ ቀኙን ኪሱ ውስጥ ከተተ፤ ግራውን ጨብጦ ወደ ላይ አነሣና «ወደፊት!» አለ። ጠመንጃዎቹ ወደ ትከሻ ተመለሱ። ሕዝቡ አጨበጨበ።

በኋላ ከመጋረጃው ጀርባ መጣ። «በሚቀጥለው ጊዜ ፊውዳሉ ቶሎ ይሙት» አለ። ሊሄድ ሲል ደግሞ ጠጋ ብሎ፣ «እናቴ የዚሁ የወሎ፣ የቦሩ ሜዳ ሰው ናት። ዱዓ ሲደረግ ዝም ማለቴን ብትሰማ አትምረኝም» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አላነሣብንም።

አንባቢዎቼ፣ ይህ ገጠመኝ ምን ለወጠብህ ብትሉኝ መልሴ አጭር ነው። ድሮ ሰው ሲቀየመኝ መጀመሪያ የምመረምረው ጥፋቱ የማን እንደሆነ ነበር። ጥፋቱ የኔ አለመሆኑን ካረጋገጥኩ ጉዳዩ ለኔ ይዘጋል። አሁን ግን ሰውየው ሲጠብቀኝ ምን ያህል እንደቆመ ነው የምጠይቀው። እናንተም ናዳ የዘጋባችሁ ወዳጅ ካላችሁ ጠይቁት፤ ጥፋተኛ እስኪገኝ አትጠብቁ፤ ጥፋተኛ የሌለው ቂም ብዙ ነው።

ያን ዕለት ጀምበር ሳትጠልቅ ሰይድና እኔ በጭነት መኪናው ጀርባ፣ በተጣመመው ቆርቆሮና በበቅሎዋ መሐል ተቀምጠን ሐረጎን ወረድን። ማጅራቴ አልዞር ብሎኛል። ሰይድ ሲስቅ ቆይቶ ወደኔ ተጠጋ።

«ልምምድ ቀርቼ አይተኸኝ ታውቃለህ?» አለኝ።

አሰብኩት። «አላውቅም።»

«ወባ ይዞኝ እንኳ ብርድ ልብስ ተከናንቤ መጥቻለሁ። ጋሽ ደምሴ ትያትር የሚወድ ሰው ይለኛል። ወላሂ ትያትር አልወድም» አለና ወደ መንገዱ ዞረ። «ሌላ የት ታናግረኝ ነበር?»